መቅረቱን ለማሳየት የሚመጣው ሰው

ኳስ በሚንከባለልበት አገር ሁሉ አንድ የማይፈርም ሰው አይጠፋም። ክለቡ ሀብታም ይሁን ደሃ፣ ሜዳው ሣር ይሁን አቧራ፣ የውድድር ዘመኑ ሲቃረብና ሌላው ተጫዋች ታኬታውን ሲወለውል እሱ ብቻ እጁን አጣጥፎ «አልፈርምም» ይላል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት «የመርህ ጉዳይ ነው» ይላችኋል። የትኛው መርህ ብላችሁ ከቀጠላችሁ ግን ጥፋቱ የራሳችሁ ነው፤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ምሳችሁንም እርሱት።

የእኛው የማይፈርም ሰው ክቡር አልፈርምም ይባላል። «አልፈርምም» ያሉት ደጋፊዎቹ ናቸው። «ክቡር»ን የጨመርኩበት እኔ ነኝ፤ የእህቴ ባል ስለሆነ ለቤተሰቡ ስም ብዬ። ሥራው ግራ መስመር ተከላካይነት ነው። ሠላሳ አምስትን ተሻግሯል፤ እሱ «ለተከላካይ ገና ነው» ይላል፤ ሜዳ ላይ ላየውም እውነት ይመስላል። ፈጣን አጥቂ ሲመጣበት አብሮ አይሮጥም። አጥቂው የሚደርስበት ቦታ ቀድሞ ይገኝና እንደ ቤት አከራይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ውሉ ባለቀ ቁጥር ያኮርፋል። አንድ ጊዜ ያኮረፈው የአውቶቡሱ የፊት ወንበር ካልተሰጠኝ ብሎ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልብስ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶግራፉ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ሆነ ብሎ አኮረፈ። ሁለቱንም አሸንፏል። ፎቶግራፉ አሁን ያለው ከክለቡ ፕሬዚዳንት ፎቶግራፍ በላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ዳቦ ቤት ያላቸው ደግ ሰው ስለሆኑ አልተቀየሙም።

የዘንድሮው ኩርፊያ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ክለቡ የአንድ ዓመት ውል አቀረበለት፤ እሱ ሁለት ዓመት ካልሆነ አለ።

«አንድ ዓመት ውል አይደለም» አለኝ የቤቱ በር ላይ ተቀምጦ። «ቀን የተቆረጠለት ስንብት ነው።»

የተጫዋቾች ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነበር። እስከዚያ ካልፈረመ ዓመቱን ሙሉ መጫወት አይችልም፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ዓመት የተቀመጠ ተጫዋችን ማንም መልሶ አይጠራውም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ክለቡም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩ «ይፈርማል» ብሎ፣ ጎሚስታው «አይፈርምም» ብሎ ተጣልተው፣ አንዱ ፀጉሩን ሳይስተካከል ሌላው ጎማውን ሳያስነፋ ሰነበቱ። ከሁሉም አብልጣ የተጨነቀችው ግን እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራውም ቤቷ ውስጥ ነው።

«ወንድሜ» አለችኝ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች፣ «ይኼ ሰውዬ ዓርብ ካለፈው ዕድሜ ልኩን እዚህ ሊውልብኝ ነው። ትናንት የደንበኛ ቀሚስ እየጠለፍኩ ከኋላዬ መጥቶ ‹መስመሩን ለቅቀሻል፤ ወደ ውስጥ ግቢ› አለኝ። ደንበኛዋ የተሳደበ መስሏት ልትሄድ ነበር። አስፈርመው።»

ሌላ ተጫዋች ሲያኮርፍ ቤቱ ይተኛል። ክቡር አልፈርምም ግን በማለዳ ተነሥቶ፣ ተላጭቶ፣ ለሠርጉ የገዛውን ኮት ለብሶ ወደ ልምምድ ሜዳ ይሄዳል። ኮቱን የሚለብሰው ለልምምድ የመጣ እንዳይመስልበት ነው። ከሽቦው አጥር ውጭ፣ ልክ በግራ መስመሩ ትይዩ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል።

«ቤትህ አትቀመጥም ወይ?» አልኩት።

«ቤቴ ብቀመጥ መቅረቴን ማን ያየዋል? ሰው የሚቀረው በቦታው ተገኝቶ ነው።»

ነገሩን ሳሰላስለው ትክክል ሆኖ አገኘሁትና በራሴ ደነገጥኩ። ፈርሞ በነበረባቸው ዓመታት አሰልጣኙ በማርፈድ ሲቀጣው ነው የኖረው። ካኮረፈ ወዲህ ግን ከአሰልጣኙም ቀድሞ መድረስ ጀመረ። የሜዳው ዘበኛ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ፀሐዩ ሲበረታ አንጀታቸው አልቻለም።

«ግባና ጥላው ሥር ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ።»

«መግባት አልችልም፣ አባባ። የለሁም እኮ።»

ዘበኛው ጥቂት አሰቡና ወንበር ይዘውለት ወጡ። «እንግዲያው እዚሁ ቁጭ ብለህ ‹የለሁም› በል» አሉት።

አንድ ቀን ኳስ አጥሩን ዘላ መጥታ እግሩ ሥር ዐረፈች። ግብ ጠባቂው ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«አለቃ፣ አቀብለና።»

«አልነካም።»

«በእግርህ ገፋ አድርጋት፤ በሩ ድረስ ብቻ።»

«እሱማ ሥራ መጀመር ነው።»

«ኧረ በናትህ፤ ማን ያይሃል?»

«ሁላችሁም። ለዚሁ አይደል የመጣሁት?»

ግብ ጠባቂው ሜዳውን ዞሮ፣ በበሩ ወጥቶ፣ አጥሩን ተከትሎ እያለከለከ መጣ። ኳሷን ሲያነሣ ክቡርነቱ፣ ትብብር ጎደለው እንዳይባል፣ እግሩን ከፍ አድርጎ አሳለፈው። እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩና ዐይቻለሁ፤ ኳሷ እግሩ ሥር በቆየችበት ጊዜ ሁሉ የግራ ጫማው አፍንጫ ብቻውን ይነቃነቅ ነበር።

በእሱ ቦታ የገባው «ጭምቱ» የሚሉት አማካይ ነው። በቀኝ እግሩ ብቻ የሚጫወት፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው። ተከላካይ ሆኖ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ስለጠፋ አሰልጣኙ «ለጊዜው» ብሎ ግራ መስመር ላይ አቆመው፣ እሱም ቆሞ ቀረ። አጥቂ ሲያልፈው፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ ዞር ብሎ በትሕትና ያየዋል።

ክቡር አልፈርምም መጀመሪያ ደስ አለው። «አየህ፣ ጎዶሎው ይታያል» አለኝ። ከዚያ የኮቱን ቁልፍ ይፈታና ይቆልፍ ጀመር። በመጨረሻ አልቻለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ኳሷን ምን ታያታለህ? ወገቡን እየው። እግር ይዋሻል፤ ወገብ አይዋሽም።»

ጭምቱ ዞሮ አጥሩን አየ። ቀጥሎ የአጥቂውን ወገብ አየ። ቀጥሎ ኳሷን ነጠቀ። ኳሷ እግሩ ሥር መግባቷ ከሁሉም አብልጦ ያስደነገጠው እሱን ራሱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው። «ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። ጥሩ። አሁን አትሂድ። አሁንም አትሂድ። በል ሂድ።» አሰልጣኙ ብልጥ ነው፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፊሽካውን በከነቴራው እየጠረገ፣ ልምምዱን ቀስ በቀስ ወደ አጥሩ አስጠጋው። ሁሉም ሰው ወደ ግራ ተሰብስቦ የሜዳው ቀኝ በኩል ለወፎች ተለቀቀ።

«ምን እየሠራህ እንደሆነ ይገባሃል?» አልኩት። «የገዛ ቦታህን እኮ ለሰው እያስተማርክ ነው።»

«እሱን ማን አስተማረው?» ቱግ አለ። «ቦታው አሳዝኖኝ ነው። እዚያች ሣር ላይ ወጣትነቴን ጨርሻለሁ፤ እንደዚያ ሲቆሙባት ዝም ብዬ አላይም።»

ድርድር የለመደ ሰው ቤቱም ሲገባ አይተወውም። እህቴ «ቆሻሻውን አውጣልኝ» ስትለው «ጥያቄሽ ደርሶኛል፤ እየተጠና ነው» ይላታል። «ዳቦ ገዝተህ ና» ስትለው «ከእኔ በኩል አማራጭ ሐሳብ አቀርባለሁ» ይላታል። አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው። እህቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች።

«ምሳስ?»

«ውሌ አልቋል።»

«የምን ውል?»

«የሠርጋችን ቀን የፈረምኩት። ከዚያ ወዲህ ያደሰልኝ የለም። ሌላ ክለብ ደግሞ ጠይቆኛል።»

«የቱ ክለብ?»

«እናቴ ቤት። የፊት ወንበርም ይሰጡኛል።»

ክቡርነቱ ቆሻሻውን አወጣ፤ ዳቦውን ገዛ፤ ያልታዘዘውን ክር ሳይቀር ገዝቶ መጣ። ከዚያ በቀጥታ እኔ ጋ መጥቶ ተነፈሰ። «እህትህ ግን መደራደር ታውቅበታለች» አለኝ። «ወኪሌ ማድረግ የነበረብኝ እሷን ነው።»

ወኪሉ እኔ ነኝ። የተመረጥኩት መነጽር ስለማደርግና ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ነው፤ ሌላ ችሎታ አልተጠየቅኩም። ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ስንሄድ መንገድ ላይ መመሪያ ሰጠኝ። «ምንም አትናገር። የፈለጉትን ቢሉህ ራስህን ወደ ጎን ነቅንቅ። ወደ ታች ካደረግኸው ተስማማን ማለት ነው፤ አለቀልን።»

ቢሮው ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው። የትኩስ ዳቦ ሽታ በወለሉ ሳንቃ መሃል እየወጣ ይገባል። እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

«ሻይ ይምጣልህ?» አሉኝ ፕሬዚዳንቱ።

ራሴን ወደ ጎን ነቀነቅኩ።

«ከምድጃ የወጣ ዳቦስ? በቅቤ?»

እንባዬ እየመጣ ነቀነቅኩ።

«ብርቱ ሰው ነው ያመጣህብን» አሉት ለክቡርነቱ፣ በአድናቆት።

ክቡርነቱ ጥያቄዎቹን በቃሉ ደረደረ። ከሜዳ ሲቀየር አሰልጣኙ ራሱ መስመሩ ድረስ መጥቶ እንዲጨብጠው። በድምፅ ማጉያ ስም የሚጠራው ሰው የሱን ስም ሲጠራ እንዳያስል፤ ማሳል ካለበት በቀኝ ተከላካዩ ስም ላይ እንዲያስል። እናቱ ጨዋታ ለማየት ስትመጣ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቀድማ እንድትነሣላት።

«እሺ። እሺ። እሷማ ድሮም ትነሣላታለች፤ እሺ» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

ክቡርነቱ ፊቱ ጠቆረ። ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ «ሁሉንም ከተቀበሉ የረሳሁት ነገር አለ ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓመቱስ?»

ፕሬዚዳንቱ ከእጃቸው ላይ የሌለ ዱቄት አራገፉ። «እሱን አልችልም፣ ልጄ። ቦርዱ አንድ ነው ያለው። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ…»

አልጨረሱትም። ቢጨርሱት ይሻል ነበር። ክቡርነቱ ኮቱን ቆለፈና ተነሣ፤ እኔም ዳቦውን ሳልቀምስ ተከተልኩት።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። ክቡር አልፈርምም ቲኬት ቆርጦ ገባ፤ ተመልካች መሆን ከአቋሙ ጋር እንደማይጋጭ ከራሱ ጋር ተወያይቶ ደርሶበታል። ጨዋታው እንደተጀመረ ሰው ሁሉ ግራ መስመሩን እያየ ይተያይ ጀመር። ጭምቱ ኳስ በወጣች ቁጥር ቁምጣውን ወደ ላይ ይስባል። ከጨዋታ ውጭ ነው ለማለት እጁን ሳይሆን ሁለት ጣቱን ብቻ ያነሣል። የሚያልፈውን ሰው ካስቆመ በኋላ «ይቅርታ፣ ወንድሜ» ይላል። ይህ ሁሉ የማን አመል እንደሆነ የማያውቅ ደጋፊ የለም። የእንግዳው ቡድን አጥቂ ከሁለት ሙከራ በኋላ በዚያ በኩል መምጣቱን ተወና በሌላ በኩል ኑሮውን ይገፋ ጀመር። ደጋፊው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ጭምቱን «አልፈርምም፣ አልፈርምም» እያለ ጠራው።

እውነተኛው አልፈርምም አጠገቤ ተቀምጧል።

«አንተን ቁርጥ እኮ ነው» አልኩት ላጽናናው።

«አይ» አለ። «ይበልጠኛል። ቀኝ እግርም አለው።»

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ነገ ክለቡ «አታስፈልገንም» ቢለው ምን ብሎ ይከራከራል? የሚከራከርበትን ሁሉ በሽቦው ቀዳዳ አሳልፎ ሰጥቷል።

ጨዋታው እንዳለቀ ጭምቱ በላብ ርሶ፣ መቀመጫዎቹን እየዘለለ ወደ እኛ መጣ። ሳይጠይቁት ሲናገር የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

«ጋሼ፣ በፈጣሪ ይዤሃለሁ፤ ፈርም።»

«ደህና ተጫወትክ እኮ።»

«ኮርጄ ነው። ሌት ተቀን ድምፅህ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ትናንት ሚስቴን እራት ላይ ‹ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ› አልኳት። እኔ የመሃል ሰው ነኝ፤ መሃል ሜዳ ናፈቀኝ። አንተ አንድ ቀን ዝም ካልክ የት እንደምቆም አላውቅም።»

ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዞር ስንል ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

ዓርብ ጠዋት አስጠሩን። አሰልጣኙም ነበር። ፕሬዚዳንቱ አልተቀመጡም።

«ቦርዱን ሰብስቤ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ» አሉ። «ይኼ ሰው ሳይፈርም፣ ኮት ለብሶ፣ በሰው እግር ሲጫወት እንዲህ ከሆነ፣ ፈርሞ በገዛ እግሩ ቢጫወት ምን ሊሆን ነው? መልስ የሚሰጠኝ ጠፋ። በል እንካ። ሁለት ዓመት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔ የወኪልነት ሕጌን ረስቼ ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩ፤ ደጋገምኩትም።

ክቡርነቱ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበው። መልሶ አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣ፤ «ሁለት» የሚለውን ሰረዘ፤ ከላዩ «አንድ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ።

«ምን አደረግህ?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«ሁለት ዓመት ከፈረምኩ የሚመጣው ዓመት በምን ላኩርፍ ነው?»

ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛውን ይዘው እስኪቆሙ ሳቁ። አሰልጣኙ ፊሽካው ጉሮሮው ውስጥ የገባ እስኪመስል ሳለ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሳይቀሩ ምን ተፈጠረ ብለው ከታች መጡ። ወሬው እኛ ሳንወጣ ጎሚስታው ጋ ደርሶ፣ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ አገኘነው።

ከዳቦ ቤቱ ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ብቻችንን ስንሆን ንዴቴ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ጤና ነህ? ለሁለት ዓመት ብለህ ያን ሁሉ ፀሐይ ጠጥተህ፣ እኔን ከዳቦ ለይተህ፣ ሲሰጡህ ትመልሳለህ?»

«እንዲሰጡኝ ነበር የፈለግሁት እንጂ ልወስደው አልነበረም» አለ። «አርጅቷል ብለው አንድ ሲወረውሩልህና፣ ሁለት ተሰጥቶህ አንዱን ስትመልስ እኩል ነው እንዴ?»

«ምን አለበት ብትወስደው?»

ጥቂት ሄድን። «ጉልበቴ ያላት አንድ ዓመት ናት» አለ። «እሷንም ለምኜ ያገኘኋት ናት። ደግ ሰውዬ ናቸው፤ የሌለኝን አልሸጥላቸውም።» ቀጥሎ፣ የተናገረው እንዳይከብድ ይመስላል፣ «ለተከላካይ ግን ገና ነኝ» አለ።

ያኔ ነው አረማመዱን ያየሁት። ቀኝ እግሩን በደንብ ያራምዳል፤ ግራውን ግን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያጓጉዝ ሰው በጥንቃቄ ያስከትላል። ዳገቱ ገና ከግማሽ አላለፈም።

«ቆይ» አልኩት የአንድ ቤት ግንብ ይዤ። «ደክሞኛል።»

አልደከመኝም። እሱም ግንቡን ተደገፈ፤ ፊቱ ፈታ አለ።

«ይኸውልህ» አለኝ። «ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ መጻፍ መጨረሻው ይኼ ነው። እኔን በዕድሜ የት ትደርስብኛለህ? አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ፤ እጠብቅሃለሁ።»

እውነት እንዲመስል ትንሽ አለከለክሁለት። ዳገቱ እስኪያልቅ ደጋግሞ ደከመኝ፤ በደከመኝ ቁጥር ጠበቀኝ፤ በጠበቀኝ ቁጥር ሰደበኝ። ቤት ስንደርስ ከበሩ ሳይገባ «ወንድምሽን ሐኪም ያየው፤ ትንፋሽ የሚባል ነገር የለውም» አላት እህቴን። እሷ እኔን አየችኝ፤ እሱን አየችው። ወንበር ስባ ያስቀመጠችው ግን እሱን ነው።